«የግል» የተባለችው ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣብኛል። «በዚያ ዘመን ኮምፒውተር እንዴት ገባሽ?» ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል፣ የእህቴ ልጆች ይጠይቁኛል። በመሰናበቻዬ ዕለት አበባ ያስታቀፉኝ ወጣት የሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ ጠየቁኝ። አበባውን እንደታቀፍኩ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና አልገባኝም» አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትሕትና መስሏቸው ነው። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የሚሠሩት ስክሪኑን ነው። ቁልፉ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ፎቶው የት ይቀመጥ እያሉ ይከራከራሉ። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን «በኋላ እንደርስበታለን» ይሉታል። እኔም እንደነሱ ስክሪኑን አስቀድሜ ሰው ላስበላ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው፣ ከ18 ማዞሪያ አለፍ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት የመኪና መለዋወጫ መጋዘን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ አሁን የለም። ጠዋት ጠዋት ከዘነበወርቅ በውይይት ታክሲ ከማላውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሜ እመጣለሁ። ደመወዙ ለታክሲ ሆኖ፣ ለእናቴ ጥቂት ተርፎ ያልቃል። የመጀመሪያው አለቃዬ ፊደል ከሳትኩ ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና የሚያስጽፈኝ ሰው ነበር። ሁለተኛው ምንም አያነብም፣ ዝም ብሎ ይፈርማል። ከሁለተኛው ጋር ይበልጥ ተስማምተን ነበር።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት መጋዘናችን አንድ ኮምፒውተር ተሰጠው። አብሮትም አንድ ሰው መጣ፤ አቶ ተክሉ። ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የተመለሱ ናቸው። ረዳት ያስፈልጋቸዋል ተባለና፣ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው ብለው እኔን ሰጧቸው። ጣቶቼ ፈጣን መሆናቸው እውነት ነው። ችግሩ ሥራው የጣት አልነበረም።

አቶ ተክሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ጆሮ ካልሰጧቸው የማይሰሙ ሰው ነበሩ። የገዛ ቢሯቸውን በር አንኳኩተው ነው የሚገቡት፤ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቁ። «ማን ይግቡ ሊልዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በር ከተዘጋ ይንኳኳል» አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው በኪሳቸው ይይዛሉ። ሲያስተምሩ አንድ ቃል ይጽፉና ወደኋላ ሄደው በሩቁ ያዩታል፤ ካልጣማቸው ያጠፉታል፣ እንደገና ይጽፉታል። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የሞኒተሩ ገመድ ነው። ነቅለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ኮምፒውተሩ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፣ እኔ ፊቱ ተቀምጫለሁ፣ ገመዱ ተቆልፎበታል።

«ገመዱ መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳቸው አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ።

«ፕሮግራሙን በአፍሽ ስትነግሪኝ።»

«ስክሪኑን ካላየሁ ምኑን እነግርዎታለሁ?»

«ስክሪን ፊት ነው፣ ትርንጎ። ፊት ከመታጠቡ በፊት ሰውየው መኖር አለበት።»

እኔ ደግሞ የምወደው ፊቱን ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ተልኬ ያየሁት ስክሪን ከልቤ አልወጣም። አረንጓዴ ፊደል፣ ዙሪያውን ድርብ ክፈፍ፣ መሐል ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሰረዝ። ገመዱ ሲከለከል በታይፕራይተሬ ላይ ሰረዝና ነጥብ እየደረደርኩ ያንን ክፈፍ በወረቀት እሠራ ነበር። አቶ ተክሉ አይተው «ቆንጆ ነው፤ ግን ማንን ነው የሚከፍፈው?» ብለው አለፉ። ተናደድኩ።

በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ስላልነበረ ቃሉን ሁሉ ራሳቸው ናቸው የሚተረጉሙት። «በእንግሊዝኛ ከምትደናገሪ በአማርኛ ተደናገሪ» አሉኝ። ምክራቸውን ሳላጓድል ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው ቃል «ነገር» ነው። በፈረንጆቹ ቋንቋ ኦብጀክት የሚባለው። «ካንዴላ ነገር ነው፣ ፍሪሲዮን ነገር ነው። እያንዳንዱ ነገር ስለራሱ ያውቃል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል» አሉኝ። ማታ እናቴ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስትለኝ «ነገር» አልኳት።

«ነገርማ እዚሁ ሰፈራችን ሞልቶልሽ የለም እንዴ! ለዚህ ነው የታክሲ የምትከፍዪው?» አለችኝ።

ሁለተኛው ቃል «መደብ» ነው፤ ክላስ ለማለት። መደብ እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አባቴ በሕይወት ሳለ ጋቢውን ተከናንቦ የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ። ሁለተኛው ሰኞ ሰኞ በውይይት ክበብ የምንሰማው፣ የሚታገለው መደብ። አቶ ተክሉ ሦስተኛ አመጡብኝ። «መደብ ንድፍ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው እያንዳንዱ ፍሪሲዮን ከአንድ ንድፍ የወጣ ነው። መደቡ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ የመደርደሪያ ቦታ አለው።» ጻፍኩ። የገባኝ ግን መጻፌ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ቃል ክው አደረገኝ። ሰሌዳው ላይ «ውርስ» ብለው ጻፉ። «መለዋወጫ የሚባል የበላይ መደብ አለ። ፍሪሲዮን የሱ ንዑስ መደብ ነው። ንዑሱ ከበላዩ ይወርሳል። የበላዩ ያለው ሁሉ ንዑሱም ይኖረዋል፤ የበላዩ ግን ምንም አይጎድልበትም።»

«እንዴት አይጎድልበትም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ዞረው አዩኝ። «የኛ እኮ ተወርሷል! አባቴ ኮልፌ የሠራት ትርፍ ቤት ተብላ ስትወረስ በሯ እንኳ አልተረፈልንም። የወረሰው አገኘ፣ የተወረሰው አጣ። ውርስ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?»

አቶ ተክሉ ጠመኔውን አስቀመጡ። ሄደው በሩን ዘጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ መውረስ አይባልም፣ መቀማት ነው። በዚህ ቋንቋ የሚወርስ የማንንም አይቀማም» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ሁለቱም ሰዎች ይፈራሉ። አቶ ተክሉ ደግሞ ከማንም ይበልጥ መፍራት ነበረባቸው። ከትምህርት ሲመለሱ ጥቂት ዘግይተው ስለነበር ለምን እንደዘገዩ ፋይል ተከፍቶባቸዋል። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ ሽብሩ «አንድ ነገር ትገኝበት እንጂ አስወስደዋለሁ» ሲል ዘበኞቹ በጆሯቸው ሰምተዋል። መወሰድ ማለት ያኔ ወዴት ተብሎ አይጠየቅበትም ነበር።

አራተኛዋ ቃል «የግል» ነበረች። እሷን ለማስረዳት ወደ መጋዘኑ መስኮት ወሰዱኝ። ከመስኮቱ ወዲያ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ድንቁ ተቀምጠዋል። ጋሽ ድንቁ ሰው ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ በመስኮቱ ነው የሚስተናገደው።

«ከኋላቸው ምን ይታይሻል?» አሉኝ አቶ ተክሉ።

«ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም።»

«ታዲያ ስንት ካንዴላ እንዳለ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«እጠይቃቸዋለሁ።»

«ገብተሽ አትቆጥሪም?»

«ያባርሩኛላ!»

ጋሽ ድንቁ ከውስጥ «ማን ነው የሚባረረው?» አሉ። አቶ ተክሉ ደስ አላቸው። «ይኸው ነው። መጠየቁ ለሁሉ የተፈቀደ ነው፣ የሕዝብ ነው። ቀሪውን ቁጥር መንካት ግን የራሳቸው የግል ነው። ከሌላቸው የለኝም ይላሉ፤ ማንም ገብቶ ቁጥሩን ማበላሸት አይችልም። እያንዳንዱ ነገር እንደ ጋሽ ድንቁ መሆን አለበት።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ስነቀንቅ የገባኝ እመስላለሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚህ የጠቀመኝ ችሎታ የለም። በሆዴ ግን ነገር ዓለሙ ዞሮብኝ ነበር። ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ፣ ቁጥሩን የማስቀምጠው እኔ፤ ታዲያ ከማን ነው የምደብቀው? ከራሴ?

ይህን ሁሉ ቃል እንዳጨቅኩ ሰኞ ደረሰና ውይይት ክበብ ገባሁ። ጓድ ሽብሩ መድረኩ ላይ ነው። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፣ ግን ሁላችንም አንቱ እንለዋለን። እየዞረ ይጠይቃል። እኔ ዘንድ ሲደርስ በሐሳብ ሄጃለሁ።

«ጓድ ትርንጎ! የላብ አደሩ መደብ ምን ምን አለው?»

«ስም፣ ቁጥር፣ የመደርደሪያ ቦታ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አለመሳቃቸው ነው ያስደነገጠኝ። ከኋላዬ አንዱ ሳል አስመስሎ አፉን ያዘ። ጓድ ሽብሩ ፊቴ ድረስ መጥቶ ቆመና «ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ። ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል የሚሄደውን መንገድ እሱም ያውቀዋል።

በማግስቱ ሳያንኳኳ ገባ። ሰሌዳው ላይ ያለፈው ቀን ትምህርት እንዳለ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «ፍሪሲዮን። አውጣ፣ አስገባ፣ የሕዝብ። ቀሪ... የግል።» ከዚያ ወደ አቶ ተክሉ ዞረ።

«የመንግሥት ዕቃ ቀሪው የግል ነው? ለማን ነው የሚቀረው?»

«ጓድ፣ ይህ የፕሮግራም ቃል ነው...» አሉ አቶ ተክሉ።

«ቃል ሁሉ የፖለቲካ ቃል ነው! ይህች ቃል በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ የትም እንዳትገኝ። የትም!» አለና ጣቱን ወደ ኮምፒውተሩ ቀሰረ። «ደግሞ ይህን ማሽን መች ነው ሲሠራ የምናየው? በሚቀጥለው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመጣሉ። ስክሪን ላይ ማየት ይፈልጋሉ። ካልታየ ማሽኑም ሰውየውም እዚህ ምን እንደሚሠሩ እንጠይቃለን።»

ሲወጣ የአቶ ተክሉ ግንባር ላይ ላብ ነበር። ጠመኔ የሚጠቀልሉበትን መሐረብ አውጥተው ጠረጉት፤ ግንባራቸው ነጭ ሆነ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ አስጠራቸው። መሳቢያውን ከፍተው የሞኒተሩን ገመድ እጄ ላይ አኖሩት። በር ላይ ሲደርሱ ወደ ሰሌዳው አገጫቸውን ቀና አድርገው «ትርንጎ፣ ቃሏን አጥፊያት» አሉኝ።

አጠፋኋት። ሰሌዳው ላይ ያለችውን በጨርቅ አጠፋሁ። ከዚያ ገመዱን ሰክቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና፣ አቶ ተክሉ እንድጨርሰው ጀምረው በተዉልኝ ፕሮግራም ውስጥ በፈረንጆቹ ፊደል ፕራይቬት ተብላ የተጻፈችውን ቃል አንድ በአንድ እየፈለግኩ ከዚያም አጠፋኋት። የትም ተብሏል፣ አጥፊያት ተብሏል። ማሽኑም ቅር አላለውም። እንዲያውም ሥራዬ ቀለለልኝ። ቀድሞ ቀሪውን ለመቀየር «አውጣ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ስክሪኔ ቀጥታ ገብቶ ቁጥሩን ይነካል።

ያን ሳምንት አቶ ተክሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ ሰነበቱ። እኔ ክፈፌን እሠራለሁ። ድርብ መስመሩ ሲገጥም፣ ትንሿ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ስትል በደስታ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ዕቃ የሚወጣበትን ገጽ ሠራሁ። ቀጥሎ ዕቃ የሚታይበትን ገጽ ለመሥራት የመጀመሪያውን እንዳለ ገለበጥኩና ርዕሱን ቀየርኩ። ታይፒስት ነኝ፤ መገልበጥ ያስተዳደረኝ ሙያ ነው።

በዋዜማው አቶ ተክሉ ብቅ ብለው «ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ቃሏስ?»

«አጥፍቻታለሁ።»

«ጎሽ» አሉኝ። እሳቸው ሰሌዳውን፣ እኔ ፕሮግራሙን እያሰብን ተሰነባበትን።

እንግዳው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁና ጓድ ሽብሩ ከኋላቸው ቆሙ፣ አቶ ተክሉ ከበሩ አጠገብ። ክፈፉ ሲበራ እንግዳው «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ነበር። ፍሪሲዮን ስንት አለ ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ቁጥሩ መጣ። አረጋግጣለሁ ብለው እንደገና ተጫኑ። ቁጥሩ ቀነሰ። «ማን ወሰደ?» ብለው ሳቁና አሁንም ተጫኑ። አሁንም ቀነሰ። ጨዋታው ጣማቸው። ያኔ ጥፋቴ ታየኝ። ዕቃ የሚታይበትን ገጽ ከሚወጣበት ገጽ ስገለብጥ የሚቀንሰውን መስመር አብሬ ገልብጬዋለሁ! ሰውየው ባዩ ቁጥር ዕቃው ይወጣል። ቀሪው ዜሮ ደረሰ። ዜሮ ላይ ሊቆም ይገባ ነበር፤ «የለኝም» የሚል ጋሽ ድንቁ ግን ውስጥ አልነበረም፣ አባርሬዋለሁ። ከዜሮ በታች ወረደ።

እንግዳው መሣቃቸውን አቆሙ። «ከዜሮ በታች ፍሪሲዮን ምን ዓይነት ነው?» አሉ። ጋሽ ድንቁ ተጠየቁ። መደርደሪያው ሙሉ መሆኑን በመስኮታቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ ጓድ ሽብሩ ረጋ ባለ ድምፅ «ዕቃው ሞልቷል፣ ማሽኑ የለም ይላል። እንዲህ እንዲል ያደረገው ሰው አለ። ይህ አሻጥር ነው» አለ። ሲናገር የሚያየው አቶ ተክሉን ነበር። አቶ ተክሉ ግን ስክሪኑን እያዩ ነበር። ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

በነጋታው ጓድ ሽብሩ ቢሮ ተጠራሁ። ወረቀት ዘርግቷል፣ ብዕሩን ከፍቷል። አቶ ተክሉ ቢሯቸው እንዲጠብቁ ተነግሯቸዋል፤ ግቢው ውስጥ አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። ለማን እንደመጣ ሁላችንም አውቀናል። እኔ የምናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ሰውየውን እዚያ ላይ ሊያሳፍራቸው ይችላል። ያም ስለ ቤታችን የተባለው፣ «መቀማት ነው» የሚለው ነው።

«በሩን ዘግቶ ያስተምርሻል ይባላል» አለ።

«አዎ፣ ዘግተው ያውቃሉ።»

«ምን ያስተምርሻል?»

«ነገር፣ መደብ፣ ውርስ።»

ብዕሩ ተነሣ። «ስለ ውርስ ምን አለሽ?»

«ንዑሱ መደብ ከበላዩ መደብ ይወርሳል አሉኝ።»

ጓድ ሽብሩ ጣራውን እያየ አሰበ። «ንዑሱ... ከበላዩ... ይወርሳል» አለ። «ይህ ልክ ነው። ጥሩ ነው ይህ።» ጻፈው። እኔ ግራ ተጋብቼ አየሁት። ልክ ይሁን አይሁን እኔም ገና አልገባኝም ነበር።

«እሺ፤ ማሽኑ ውስጥ ቁጥሩ እንዲበላሽ ያደረገው ምንድን ነው?»

«አንዲት ቃል ስለጠፋች ነው።»

«ማን ነው ያጠፋት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«እርስዎ፣ ጓድ። የግል የምትለዋ ቃል በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ የትም እንዳትገኝ አሉ።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ እንደተደገነ ቆመ። ቀለም ጠብ ብሎ ተንጣለለ። ያንን መልስ እንዴት እንደሚጽፈው ሲያስብ ቆየ፣ አልጻፈውም። ወረቀቱን አጣጠፈና «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። ቁልቁል እየወረድኩ ሳለ ላንድሮቨሩ ባዶውን ከግቢው ሲወጣ አየሁ። አሻጥር የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ በመጋዘናችን አልተነሣም።

አቶ ተክሉ ካፖርታቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር። የተባባልነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ድምፃቸው ተሰባብሮ «ስለ ቤታችሁ ያልኩሽንስ?» አሉ።

«እሱን አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅኩትን ለምን ብዬ እመልሳለሁ? የሆዴ የሆዴ ነው። እዚያ ደግሞ ማንም ገብቶ አያይም።»

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው መሣቅ ጀመሩ፣ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሣቁ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው እንዴ ፕሮግራሙን ክፍት አድርገሽ የጻፍሽው?»